ቃል ስንለውጥ ነገሩ እንዳይለወጥብን

  

ፊደል ቆጥራችኋል። ቃል ማንበብ ችላችኋል። አሁን ደግሞ ደብዳቤና ማመልከቻ በራሳችሁ እጅ መጻፍ ጀምራችኋል። እዚህ ላይ ስትደርሱ አንድ አዲስ ጥያቄ ይመጣል። ቀድሞ ጥያቄው «ይህ ፊደል ማን ነው?» የሚል ነበር። አሁን ግን «ከማውቃቸው ቃላት ውስጥ የትኛውን ልጻፍ?» የሚል ሆኗል።

የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዱን ቃል አንሥተን በቦታው ሌላ ተመሳሳይ ቃል ስናስገባ ምን ማድረግ እንዳለብን፣ ከምንስ መጠንቀቅ እንዳለብን እንነጋገራለን። እርሳስና ደብተር ያላችሁ አቅርቡ። የሌላችሁም ግድ የለም፤ ማስተዋሉ ይበቃል።

ተመሳሳይ ቃል ምንድን ነው?

ፊደል ስትማሩ ሞክሼ ፊደላት የሚባሉትን አይታችኋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ መልካቸው የተለያየ ነው፤ በአማርኛ ሲነበቡ ግን ድምፃቸው አንድ ነው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ ናቸው።

ተመሳሳይ ቃላትም ይህን ይመስላሉ። መልካቸውም ድምፃቸውም የተለያየ ነው፤ ትርጉማቸው ግን ይቀራረባል። መንገድና ጎዳና፣ ጓዳና ማጀት፣ ቶሎና ፈጥኖ፣ አየና ተመለከተ ተመሳሳይ ቃላት ናቸው።

«ይቀራረባል» ማለታችንን ልብ በሉ። «አንድ ነው» አላልንም። ጎዳና ሰፊ መንገድ ነው። በግና ፍየል የሚሄድባት ቀጭን መንገድ ጎዳና አትባልም። ሁለት ወንድማማቾች መልካቸው ቢመሳሰልም አንዱ የሌላውን ዕዳ ተቀብሎ አይከሰስም። ቃላትም እንዲሁ ናቸው። ይመሳሰላሉ እንጂ አንዱ ሁልጊዜ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ቃል የምንለውጠው ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት ነገሩን ለማጥራት ነው። ሁለተኛው ለሚያነበው ሰው እንዲገባው ነው። ሦስተኛው የሰውን ክብር ለመጠበቅ ነው። አራተኛው አንድ ቃል እየተደጋገመ ጆሮ እንዳያሰለች ነው።

አራተኛውን በመጨረሻ ያስቀመጥነው በምክንያት ነው። ብዙ አዲስ ጸሐፊዎች «አንድን ቃል ደግሞ መጻፍ ነውር ነው» ይላሉ። ነውር አይደለም። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ያው ቃል መደገም ካለበት ይደገም። በተለይ ውል ላይ በሬውን በመጀመሪያው መስመር «በሬ»፣ በሁለተኛው «ከብት»፣ በሦስተኛው «ንብረት» ብትሉት፣ አንባቢው ሦስት ነገር ይመስለዋል። ክርክርም ከዚህ ይነሣል።

ቃል ከየት እናመጣለን?

አንዳንድ ሰው፣ «እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ ይህን ያህል ቃል ከየት አመጣለሁ?» ይላል። ፊደል ሳትቆጥሩም እኮ ብዙ ቃል ነበራችሁ! እስቲ ወደ ማጀት እንግባ። እንጀራ ይጋገራል። ወጥ ይሠራል። እንቁላል ይቀቀላል። ሥጋ ይጠበሳል። ቡና ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ከዚያም ይፈላል። «እናቴ ቡና ጋገረች» የሚል ሰው ቢገኝ ሕፃን ልጅ እንኳ ይስቅበታል።

ወደ እርሻም እንውጣ። ጤፍ ይታጨዳል። ሽምብራ ይነቀላል። ቡና ይለቀማል። ማር ይቆረጣል። ወደ ቤት ስንመለስ ደግሞ እንጨት ይሰበራል፣ ጨርቅ ይቀደዳል፣ ገመድ ይበጠሳል፣ ዳቦ ይቆረሳል። ይህን ሁሉ ያስተማራችሁ እናትና አባት ነው እንጂ መጽሐፍ አይደለም።

ከዚህ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሰፊ ቃል አለ፤ ጠባብ ቃልም አለ። «ሰበሰበ» ሰፊ ቃል ነው። ያጨደውንም፣ የነቀለውንም፣ የለቀመውንም ያቅፋል። «ለቀመ» ግን ጠባብ ነው። ሰፊ ቃል ብዙ ነገር ይይዛል፤ ዝርዝሩን ግን አያሳይም። ጠባብ ቃል ትንሽ ይይዛል፤ የያዘውን ግን አጥርቶ ያሳያል። ስለ ዓመቱ ምርት በጠቅላላው ስትጽፉ ሰፊው ቃል ይበቃል። ስለ አንድ ቀን ሥራ ደመወዝ ስትጽፉ ግን ሰውዬው አጨደ ወይስ ለቀመ የሚለው መለየት አለበት።

የአገራችን ሰው «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላል። ጠጅ ብርሌ አለው፤ ቡና ስኒ አለው። ቃልም የሚቀመጥበት ዕቃ አለው። አሁን ወደ ምሳሌዎቹ እንሂድ።

የበሬው ማመልከቻ

አንድ ገበሬ እንዲህ ሲል ጻፈ እንበል፦

«ከብቴ ስለ ጠፋ እንዲፈለግልኝ አመለክታለሁ።»

ጽሑፉ አጭር ነው፤ ስሕተትም የለበትም። ግን ማን ይፈልገው? ከብት ሲባል ላምም፣ በሬም፣ ጊደርም፣ ወይፈንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ከብት» የሚለውን ሰፊ ቃል እናነሣለን። በቦታው «በሬ» የሚለውን ጠባብ ቃል እናስገባለን። ቀንድ የሌለው እንደሆነ «ጎዳ» እንላለን። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት እንደሆነ «ቦቃ» እንላለን።

እዚህ ላይ ግን አስቡበት። ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው ከተማ ያደገ ቢሆንስ? «ቦቃ» ላይገባው ይችላል። ታዲያ ቃሉን እንተወው? የለም፤ አትተዉት። በመንደሩ በሬውን የሚያውቁት ሰዎች ቃሉን ያውቁታልና። ግን አጠገቡ ፍቺውን ጨምሩ፦ «ቦቃ፣ ማለትም ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት በሬ»። እንዲህ ስትጽፉ ለሁለቱም አንባቢዎች ይበቃል።

ቀጥሎ «ጠፋ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ከዚህ ቃል አጠገብ የሚቆሙ ሌሎች አሉ፦ ተሰረቀ፣ ተዘረፈ። በወሬ ላይ አንዱን በአንዱ ቦታ እናነሣለን። በጽሑፍ ግን ልዩነታቸው ከባድ ነው።

«ጠፋ» ስትሉ ማንንም አልከሰሳችሁም። በሬው ራሱ ወጥቶ ሄዶ ሊሆን ይችላል። «ተሰረቀ» ስትሉ ሌባ አለ ማለታችሁ ነው፤ ሳታዩት በድብቅ ወሰደባችሁ። «ተዘረፈ» ስትሉ ደግሞ በኃይል ተወሰደ ማለታችሁ ነው፤ ሰዎች መጥተው፣ አስፈራርተው ወይም መትተው ነዱት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆትንና ውንብድናን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። በኃይል ወይም በማስፈራራት የተደረገው ቅጣቱ ይከብዳል። ስለዚህ ፖሊሱ ቃላችሁን ሲቀበል «ተዘረፍሁ ብለሃል፤ ማን መታህ? ማንስ አስፈራራህ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ልክ ነው።

ታዲያ ምን እንጻፍ? ያወቃችሁትን ያህል ጻፉ። «ማታ በረት አስገብቼው ነበር። ጠዋት ስነሣ በሬው የለም። ገመዱም በስለት ተቆርጦ አገኘሁት» ብትሉ፣ ነገሩን የሚያጣራው ሰው ከዚህ ይነሣል። ያላያችሁትን «እገሌ ሰረቀኝ» ብትሉ ግን፣ የበሬው ነገር ሳያልቅ በስም ማጥፋት ትከሰሱ ይሆናል።

የመስመሩን ጭራም አትርሱ። ቃል ሲለወጥ አብሮት የሚለወጥ አለ። በሬ «ጠፋ»፤ ላም ግን «ጠፋች»። በሬውን በላም ለውጣችሁ ጭራውን እንዳለ ከተዋችሁት አረፍተ ነገሩ ይሰበራል።

ውሰትና ብድር

አሁን ወደ ገንዘብ እንምጣ። እነዚህን ሦስት ቃላት ጻፉ፦ ተሰጠኝ፣ ተዋስሁ፣ ተበደርሁ። ሦስቱም ከሌላ ሰው እጅ ወደ እኔ እጅ መጣ ይላሉ። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ለየቅል ነው።

«ተሰጠኝ» ካልን መመለስ የለብኝም። «ተዋስሁ» ካልን ያንኑ ዕቃ እመልሳለሁ። ማረሻ ከተዋስሁ ያንኑ ማረሻ፣ መጽሐፍ ከተዋስሁ ያንኑ መጽሐፍ እመልሳለሁ። «ተበደርሁ» ካልን ግን የወሰድሁትን በልቼው ወይም አጥፍቼው፣ በዓይነትና በመጠን እኩያውን እመልሳለሁ። ገንዘብና እህል የምንበደረው እንዲህ ነው። የተበደርሁትን ጤፍ ከበላሁ በኋላ ያንኑ ፍሬ መመለስ አልችልምና። «ተከራየሁ» የሚል አራተኛ ቃልም አለ፤ እሱ ዕቃው ከነኪራዩ ይመለሳል ማለት ነው።

አንድ ሰው ለጎረቤቱ 3,000 ብር አበድሮ፣ በወረቀቱ ላይ «3,000 ብር ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ቢጽፍ ምን ይሆናል? ጎረቤቱ ሲከሰስ «ሰጠኝ እንጂ አላበደረኝም፤ ወረቀቱም የሚለው ይህንኑ ነው» ሊል ይችላል። በአንድ ቃል የተነሣ ገንዘቡ ክርክር ውስጥ ገባ ማለት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ላይ ስለ ብድር ማስረጃ ይናገራል። ብድሩ ከ500 ብር በላይ ከሆነ ውሉን ማስረዳት የሚቻለው በጽሑፍ ነው፤ ይህ ካልሆነ በፍርድ ቤት በሚደረግ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው። እንግዲህ ከ500 ብር በላይ ስታበድሩ ምስክር ቢኖርም ጽሑፉን አትተዉ። ጽሑፉም ላይ «አበደርሁ»፣ «ተበደርሁ»፣ «እከፍላለሁ» የሚሉት ቃላት ይግቡ። የሚከፈልበት ቀንም ይጻፍ።

አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ በሉ። «አበደርሁ» እና «ተበደርሁ» የሚለያዩት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው። አንዱ በ«አ» ሌላው በ«ተ» ይጀምራል። ቃሉ ሲለወጥ ከሰውዬው ስም ፊት ያለው ፊደልም አብሮ ይለወጣል፦ «ለጎረቤቴ አበደርሁ»፣ «ከጎረቤቴ ተበደርሁ»። ይህን ያዛባ ሰው ባለዕዳውን ባለገንዘብ፣ ባለገንዘቡን ባለዕዳ ያደርገዋል። ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ፊደላት በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ።

እህልም ስትሸጡ ወይም ስትበደሩ «ኩንታል» እና «ጆንያ» እንዳይምታቱባችሁ። በገበያ ወሬ ሁለቱን እንለዋውጣለን። ግን ኩንታል መለኪያ ነው፤ 100 ኪሎ ነው። ጆንያ ዕቃ ነው፤ 60 ኪሎም 80 ኪሎም ሊይዝ ይችላል። «አምስት ጆንያ ስንዴ» ብሎ የጻፈና «አምስት ኩንታል ስንዴ» ብሎ የጻፈ ሰው እኩል አልጻፉም።

የእድሩ ቃለ ጉባኤ

ከእናንተ ውስጥ የእድር ወይም የእቁብ ጸሐፊ የምትሆኑ ትኖራላችሁ። ማንበብና መጻፍ የቻለ ሰው ይህ አደራ ይመጣበታል። ለጸሐፊ ከባዱ ነገር ሰው የተናገረውን በሌላ ቃል መጻፍ ነው።

ገንዘብ ያዡ በስብሰባ ላይ ተነሥተው «300 ብር ገና አልተሰበሰበም» አሉ እንበል። ጸሐፊው እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

«ገንዘብ ያዡ 300 ብር ገና እንዳልተሰበሰበ ገለጹ።»

ይህ ልክ ነው። ሌላ ጸሐፊ ግን ቃል አሳምራለሁ ብሎ እንዲህ ጻፈ፦

«ገንዘብ ያዡ 300 ብር እንደ ጎደለ አመኑ።»

አያችሁ? ሁለት ቃል ብቻ ተለወጠ። «አልተሰበሰበም» በ«ጎደለ» ተለወጠ። «ገለጹ» በ«አመኑ» ተለወጠ። በእነዚህ ሁለት ቃላት አንድ ታማኝ ሰው ገንዘብ አጉዳይ ሆነው በመዝገብ ሰፈሩ። ነገ ሌላ ሰው መዝገቡን ሲያነብ የሚያገኘው ይህንን ነው።

«አለ»፣ «ተናገረ»፣ «ገለጸ» ቀለል ያሉ ቃላት ናቸው። ሰውየው ትክክል ነው ወይም ስሕተተኛ ነው ብለው አይፈርዱም። «አመነ» ግን ጥፋት እንዳለ አስቀድሞ ይናገራል። «ካደ» ደግሞ ሰውየው ውሸት እንደ ተናገረ ያስመስላል፤ «አይደለም አለ» ማለት ይሻላል። «ተሟገተ» ጠብ ያስመስላል። እንግዲህ የሰው ቃል ስትጽፉ ቀላሉን ቃል ምረጡ። «አሉ» የሚለው ቃል አሥር ጊዜ ቢደገም እንኳ ግድ የለም። ፍርዱ የጉባኤው ነው እንጂ የጸሐፊው አይደለም።

መድኃኒትና መርዝ

አሁን የምንነግራችሁን አጥብቃችሁ ያዙ፤ የሰው ሕይወት አለበትና። በንግግራችን «የአይጥ መድኃኒት»፣ «የተባይ መድኃኒት» እንላለን። ማለታችን ግን አይጥና ተባይ የሚገድል መርዝ ነው። በንግግር ላይ ሁሉም ሰው ይገባዋል። ይህ ቃል በጠርሙስ ላይ ሲጻፍስ?

አንድ ሰው ለሰብል የሚረጨውን የተባይ መርዝ በባዶ ጠርሙስ ቀድቶ፣ በላዩ «መድኃኒት» ብሎ ጽፎ በጓዳ አስቀመጠው እንበል። እሱ የጻፈው ለራሱ ነው። ግን በዚያ ቤት ትናንት ማንበብ የጀመረ ልጅ አለ። ልጁ ሲያነብ ያገኘው «መድኃኒት» የሚል ቃል ነው። መድኃኒት ደግሞ ይጠጣል።

እዚህ ላይ ቃሉ መለወጥ አለበት። «መርዝ» ብላችሁ በትልልቁ ጻፉ። «አይጠጣም» የሚለውንም ጨምሩበት። ከሁሉም የሚሻለው ግን መርዙን መጀመሪያ ከመጣበት ዕቃ አለመገልበጥ፣ በተለይም የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ፈጽሞ አለመጨመር፣ ልጅ ከማይደርስበትም ቦታ ቆልፎ ማስቀመጥ ነው።

ከጤና ጣቢያ የመጣ መድኃኒትም ቢሆን ቃሉን አስተውሉ። ኪኒን ይዋጣል፤ ሽሮፕ ይጠጣል፤ ቅባት ይቀባል፤ የዓይን ጠብታ በዓይን ይጨመራል። ለቤተ ሰብ ስታስረዱ ወይም ማስታወሻ ስትጽፉ «ይወሰዳል» በሚለው ሰፊ ቃል ብቻ አትለፉት። የሚዋጠውን ይዋጣል፣ የሚቀባውን ይቀባል በሉ።

ክብርና ቃል

ትርጉማቸው አንድ ሆኖ ክብራቸው የሚለያይ ቃላትም አሉ። ልብስ «አሮጌ» ይባላል፤ ሰውን ግን «አዛውንት» ወይም «አረጋዊ» እንላለን። «ዕውር» ከማለት «ዓይነ ስውር» ማለት ይሻላል። «ቆማጣ» ከማለት «የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ» ማለት ይገባል። በሽታው የሚድን ነው፤ ስሙ ግን በሰው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ፊደል ያልቆጠረውንም ጎረቤታችሁን «መሃይም» አትበሉት። «ማንበብና መጻፍ ያልተማረ» ብትሉት ነገሩ ያው ነው፤ ሰውዬው ግን አይሰደብም። ነገ ከአጠገባችሁ ተቀምጦ ለመማርም አያፍርም።

ለታላቅ ሰው ስትጽፉ ከመጀመሪያው «እርስዎ» ብላችሁ ከጀመራችሁ እስከ መጨረሻው «እርስዎ» በሉ። መካከል ላይ «አንተ» ብትሉ ደብዳቤው በሁለት ሰው የተጻፈ ይመስላል።

ለስላሳ ቃል ሁሉ ግን በሁሉም ቦታ አይሆንም። «ሞተ» የሚለውን ለማለስለስ «ዐረፈ» እንላለን። ለለቀስተኛና ለዘመድ ይህ ደግ ቃል ነው። ነገር ግን «ዐረፈ» ከሥራ ዐረፈ፣ ከድካም ዐረፈ ማለትም ነው። ለጡረታ ወይም ለውርስ ጉዳይ በምትጽፉት ማመልከቻ «አባቴ ዐርፈዋል» ከማለት «አባቴ በሞት ተለይተዋል» ወይም «ሞተዋል» ማለት ይሻላል፤ ቀኑም ይጻፍ። መርዶ ደግሞ በደብዳቤ አይነገርም። መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ አጠገብ ተቀምጦ የሚነገር ነው። የቱንም ያህል ለስላሳ ቃል ብትመርጡ ወረቀት የሰውን እጅ አይዝም።

የማይነኩ ቃላት

የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ ቀን፣ ቁጥርና መለኪያ አይለወጡም። በሕግ የታወቀ ፍቺ ያላቸውም ቃላት አይለወጡም። ለምሳሌ «አቤቱታ» እና «ይግባኝ» ይቀራረባሉ፤ ሁለቱም «በደሌ ይታይልኝ» ይላሉ። ነገር ግን ይግባኝ አንድ ፍርድ ቤት ከፈረደ በኋላ ወደ በላይ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ነው፤ የተወሰነ ጊዜም አለው። ውሳኔ ሲሰጣችሁ «ይግባኝ» የሚል ቃል ካያችሁ «አቤቱታ ነው፤ ሌላ ቀን አቀርባለሁ» ብላችሁ አትለፉት። ቀኑ ያልፍባችኋል። ያልገባችሁን የሕግ ቃል በራሳችሁ ቃል ከመተካት፣ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

መዝገበ ቃላት

ቃል ሲጠፋችሁ የሚረዳ መጽሐፍ አለ። መዝገበ ቃላት ይባላል። የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. ታትሟል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከልም በ1993 ዓ.ም. የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። በቤተ መጻሕፍት ብትጠይቁ ልታገኟቸው ትችላላችሁ።

መዝገበ ቃላት ስትከፍቱ ለአንድ ቃል ብዙ ፍቺ ተደርድሮ ታያላችሁ። ከተደረደሩት ውስጥ የመጀመሪያውን ወይም ረጅሙን አታንሡ። ከእናንተ አረፍተ ነገር ጋር የሚስማማውን ፈልጉ። መዝገበ ቃላት እንደ ገበያ ነው፤ ሁሉንም ያሳያል፤ የሚገዛው ግን ባለጉዳዩ ነው።

አራቱ ጥያቄዎች

አንድ ቃል በሌላ ከለወጣችሁ በኋላ አረፍተ ነገሩን ድምፅ አሰምታችሁ አንብቡ። ከዚያም እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጠይቁ፦

1. አዲሱ ቃል ከሆነው ነገር አይበልጥም ወይ? አያንስም ወይ?
2. ከአጠገቡ ካሉት ቃላት ጋር ይስማማል ወይ?
3. የሚያነበው ሰው ይገባዋል ወይ?
4. የሰውን ክብር ይጠብቃል ወይ?

አራቱም «አዎን» ካሉ ቃሉ ይግባ። አንዱ «የለም» ካለ ግን የቀድሞው ቃል ይሻላል።

መልመጃ

አሁን አብረን እንሥራ። አንድ ሰው በሌላ ከተማ ለሚሠራ ወንድሙ ይህን ደብዳቤ ጻፈ እንበል፦

«የላክህልን ነገር ደርሶናል። እናታችን ያ ነገር ተነሥቶባት ስለ ነበር ለእርሱ አውለነዋል። ከጎረቤት ጋር የነበረው ነገርም አልቋል። አሁን የቸገረን ነገር ሌላ ነው። ለክረምቱ የሚሆን ነገር ላክልን።»

«ነገር» የሚለው ቃል አምስት ጊዜ ተጽፏል። በጣም ሰፊ ቃል ነው። ዕቃም፣ ወሬም፣ በሽታም፣ ጠብም፣ ክስም «ነገር» ሊባል ይችላል። ጸሐፊው በልቡ ያውቀዋል፤ ወንድሙ ግን በሩቅ ሆኖ እንዴት ይወቀው? እስቲ ንባባችሁን አቁሙና በየ«ነገሩ» ቦታ የሚስማማ ጠባብ ቃል አስገቡ።

ጨረሳችሁ? አንድ ሰው እንዲህ ሊሠራው ይችላል፦

«የላክህልን 1,000 ብር ደርሶናል። እናታችን የጨጓራ ሕመሟ ተነሥቶባት ስለ ነበር ለመድኃኒት አውለነዋል። ከጎረቤት ጋር የነበረው የወሰን ጠብም በሽማግሌ አልቋል። አሁን የቸገረን ሌላ ነው። ለክረምቱ የሚሆን ብርድ ልብስ ላክልን።»

በአራት ቦታ «ነገር» በጠባብ ቃል ተተካ። በአንድ ቦታ ደግሞ ያለ ምትክ ወጣ። ይህንንም አስተውሉ፤ አንዳንድ ቃል ሌላ ቃል ሳያስፈልገው ይነሣል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ለወንድም ሐሳብ ጨመረበት። ሁለተኛው ደብዳቤ ግን ገንዘቡ እንደ ደረሰ፣ እናት ምን እንዳመማት፣ ጠቡ እንዴት እንዳለቀና ምን መግዛት እንዳለበት ነገረው።

ለቤታችሁ የምንሰጣችሁ ሥራ ይህ ነው። ከዚህ በፊት የጻፋችሁት ደብዳቤ ወይም ማመልከቻ ካለ አውጡት። «ነገር»፣ «ዕቃ»፣ «አደረገ»፣ «ሰጠ» የሚሉትን ቃላት በእርሳስ አስምሩባቸው። በእያንዳንዱ ቦታ ጠባብ ቃል ይገባ እንደሆነ በአራቱ ጥያቄዎች ፈትኑ። በቤት ውስጥ በጠርሙስና በቆርቆሮ ላይ የተጻፈውንም እየዞራችሁ አንብቡ። መርዝ ሆኖ ሳለ «መድኃኒት» የሚል ካገኛችሁ ደብተሩን ተዉትና ዛሬውኑ በመጀመሪያ እሱን አርሙ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። በወረቀት ላይ ያለ ቃል ግን እስክትፈርሙበት ድረስ በእጃችሁ ነው። ሳትቸኩሉ መርምሩት።